«ምንም አላስታውስም» ያለው ልጅ ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ይገባል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሰፈር ልጆች ጋር ችቦ ሊያበራ እንደወጣ አምሽቶ ቀረ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት ልጄ ደጃፉ ላይ ተዘርሯል፤ ሁለት ጓደኞቹ ሲሮጡ ከኋላቸው አየኋቸው። ለበዓል በጎዘጎዝኩት ቄጠማ ላይ አስመለሰ። ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰስኩበት፣ ጣቴን ጉሮሮው ውስጥ ከትቼ ላስወጣለት ሞከርኩ፣ ጥቁር ቡና አጠጣሁት፣ በጀርባው አስተኝቼም እስኪነጋ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ «ከማን ጋር ጠጣህ? ምን ጠጣህ?» ሲለው «ምንም አላስታውስም» አለ። «ጭራሽ ይዋሻል» ብሎ በቀበቶ ገረፈው። በኋላ ከጓደኞቹ እንደሰማነው አንድ ሊትር አረቄ በሃይላንድ አስቀድተው፣ ከለስላሳ ጋር ቀላቅለው ለአራት ጠጥተውታል። ይኸው አምስት ቀን ሆነ፤ አባትና ልጅ አይነጋገሩም። ባለቤቴ «ወንድሜን የበላው መጠጥ ነው፤ ይኼም ሊከተለው ነው» ይላል። እናቴ ጠበል እንውሰደው ትላለች። ልጄ ጠጪ ሊሆን ነው? በምን ብንቀጣውስ ይሻላል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። እኔ ግን ካልጠየቁኝ ልጀምር፤ የአባትና የልጁ ኩርፊያ የተቋጠረው እዚያ ላይ ስለሆነ። ልጅዎ «አላስታውስም» ያለው እውነቱን ሊሆን ይችላል። የጠጣውን መጠን ሳይ፣ ቢያስታውስ ኖሮ ነበር የሚገርመኝ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በየቤቱ የሚወጣ አረቄ ጥንካሬው እንደ አውጪዋ ይለያያል፤ ዳግም የተጣራው ግን ከመቶ 40 እጅና ከዚያም በላይ አልኮል ሊሆን ይችላል። በ40 እናስላው። በአንድ ሊትር ውስጥ 400 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ ሲመዘን 320 ግራም ገደማ ነው። ለአራት እኩል ከተካፈሉት ለእያንዳንዱ 80 ግራም ይደርሰዋል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ያለው 13 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ያ ገና አጥንቱ ያልጠና ልጅ የስድስት ቢራ አልኮል ጠጥቷል፤ ያውም ቢራ ሆዱን ነፍቶ «በቃህ» እንደሚለው ሳይሆን፣ ለስላሳው ማቃጠሉን ሸፍኖለት፣ ምናልባትም በአንድ ሰዓት ውስጥ።

አልኮል በደም ውስጥ ቀስ እያለ ሲጨምር ሰው ይለፈልፋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይተኛል። በድንገት ሽቅብ ሲወጣ ግን አንጎል ውስጥ የዕለቱን ውሎ የሚመዘግበው ክፍል፣ እኛ ሂፖካምፐስ የምንለው፣ ሥራውን ያቆማል። ልጁ በዚያ ሰዓት ይራመድ ነበር፣ ይስቅ ነበር፣ ሲጠሩት «አቤት» ይል ነበር። ውስጡ ሆኖ የሚጽፈው ጸሐፊ ግን ብዕሩን ጥሎ ወጥቷል። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በቀበቶም አይነበብም።

ሰዓቱንም ይመልከቱት። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 8 ግራም አልኮል ያህል ነው የሚያስወግደው፤ በቡናም በሎሚም አይፈጥንም። ልጁ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ጠጥቶ ከሆነ፣ ባለቤትዎ በ12 ሰዓት ሲቀሰቅሱት ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ገና ደሙ ውስጥ ነበር። የመረመሩት የሰከረውን ልጃቸውን ነው። ያን ጠዋት ከተነገረው ምክርና ከወረደው ቁጣ ሁሉ ከልጁ ጋር የቀረው ግርፋቱ ብቻ ይመስለኛል።

ይህን የምለው አባትየውን ልኮንን አይደለም። ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለዚያች ሌሊት ጥቂት ልበል፤ ይህን ከሚያነቡት ወላጆች መካከል ነገ ተመሳሳይ በር የሚንኳኳባቸው አሉና።

ከሠሩት ሁሉ ልጁን የጠቀመው አንድ ነገር ነው፤ አጠገቡ መቀመጥዎ። ሌሎቹን ያደረጉት ከፍቅር ቢሆንም፣ እግዚአብሔር ጠብቆት ነው የተረፈው። ቀዝቃዛ ውኃ ስካርን አያበርድም። አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት የሰካራም ሰውነት ሙቀቱን እንደ ወንፊት ያፈሳል፤ በዚያ የክረምት መውጫ ብርድ ላይ ውኃ ሲጨመርበት ሰውነቱ ከልክ በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቡናም ያው ነው፤ ሰካራሙን ነቃ ያለ ሰካራም ያደርገዋል እንጂ አልኮሉን አይቀንስም። ደግሞ በደንብ መዋጥ ለማይችል ሰው ትኩስ ነገር መስጠት አደገኛ ነው። ጣት መክተቱ ከሁለቱም ይብሳል። ስካር ትንታንና ማሳልን ያደነዝዛል፤ ትውከቱ ወደ ሳንባ ከገባ የሚመልሰው የለም።

በጀርባ ማስተኛትም እንዲሁ። ሰክሮ በጀርባው የተኛ ሰው በገዛ ትውከቱ ታንቆ ሊሞት ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፤ ከላይ ያለውን ጉልበቱን አጥፈው መሬት ያስነኩት፣ ራሱን ወደ ኋላ ትንሽ ቀና አድርገው አፉን ወደ ታች ያዘንብሉት፣ ተንከባልሎ በጀርባው እንዳይሆን ከኋላው ትራስ ይደግፉት። ብርድ ልብስ ያልብሱት። ከነቃና መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ጥቂት በጥቂት ይስጡት፤ ታዳጊዎች ሲሰክሩ የደማቸው ስኳር ሊወርድ ይችላል። ለራስ ምታት ብለው በዚያ ሌሊት ፓራሲታሞልም አስፕሪንም አይስጡት። አንጎበሩ በማግስቱ በኦ አር ኤስ፣ በአጥሚትና በእንቅልፍ ይለቀዋል።

«ይተኛ፣ ይለፍለታል» ብሎ በር ዘግቶ መሄድ ግን የለም። ሆዱ ውስጥ የቀረው አልኮል ከተኛ በኋላም ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል፤ 7 ሰዓት ላይ የሚያጉተመትም የነበረ ልጅ 8 ሰዓት ላይ የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ስሙን ጠርተው፣ ትከሻውን ቆንጥጠው ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ካለፈ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ሥር ከጠቆረ (ቆዳችን ጠይም ስለሆነ ድዱንና መዳፉን ይመልከቱ)፣ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ እዚያው ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 አለ። ካልመጡ በተገኘው መኪና፣ በጎኑ እንዳስተኙት። «ጎረቤት ምን ይላል» የሚለው እስኪነጋ ይቆይ።

ምንጩ ያልታወቀ አረቄ ሌላ ጣጣም አለው። ሜታኖል የሚባለው መርዝ ከተቀላቀለበት ምልክቱ ስካሩ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ከ12 ሰዓት እስከ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ዓይን ይፈዛል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። «አንጎበር ነው» ተብሎ ሲጠበቅ የዓይን ብርሃን ይጠፋል። የእርስዎ ልጅ አምስት ቀን ስላለፈው ከዚህ ድኗል።

ስለ ጓደኞቹ አንድ ነገር። ሮጠው ስለጠፉ ተቆጥተው ይሆናል። እኔ ግን ተሸክመው ማምጣታቸውን ነው ያየሁት፤ ሜዳ ላይ ጥለውት መሄድም ይችሉ ነበር። የሮጡት እናንተን ፈርተው ነው። ከቻሉ አንዱን ጠርተው «ስላመጣችሁት አመሰግናለሁ፤ ሌላ ጊዜ ግን አትሩጡ፣ ምን እንደጠጣ ንገሩኝ» ይበሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ልጄ ጠጪ ሊሆን ነው ወይ? በአንድ ሌሊት ማንም ጠጪ አይባልም። እኔ ራሴ በ17 ዓመቴ በአክስቴ ሠርግ ላይ ጠጅ ጣፋጭ ነው ብዬ፣ ድንኳን ሥር ተኝቼ ተገኝቻለሁ። የሙሽራው ሚዜዎች እስከ ዛሬ ያነሱብኛል። ይሁንና የባለቤትዎ ስጋት ባዶ አይደለም። የመጠጥ ሱስ በቤተሰብ ይወርዳል፤ ለአደጋው ከሚያጋልጡት ነገሮች ግማሽ ያህሉን ድርሻ የሚይዘው ውርስ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሰፊ ጥናት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩት ከመቶ 40ው ያህል በኋላ የአልኮል ጥገኛ እንደሆኑ፣ እስከ 20 ዓመታቸው ከቆዩት ግን 10 ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ቀድሞ መጀመሩ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ሌላ ችግርም ሊኖርበት ይችላል። ቢሆንም እያንዳንዱ የዘገየ ዓመት ትርፍ ነው።

ሰው ሁሉ የሚስተውን አንድ ነገር ልንገርዎ። ያስታወከው ልጅ አይደለም ይበልጥ የሚያሳስበኝ። «እሱ እኮ ይችላል፣ ስድስት ጠጥቶ አይነቃነቅም» እየተባለ የሚሞገሰው ነው። አልኮል ቶሎ የማይሰማቸው ሰዎች፣ በተለይ በቤተሰባቸው ጠጪ ካለ፣ በኋላ ለሱስ የሚዳረጉት ከሌላው በበለጠ ነው። ሰውነታቸው «በቃ» የሚለውን ደወል ዘግይቶ ነው የሚደውለው። ባለቤትዎ ስለ ወንድማቸው ቢያስታውሱ፣ በወጣትነቱ «የሚችል» ሳይባል አልቀረም።

ወደ አባትየው እመለሳለሁ ብያለሁ። ከደብዳቤዎ ደጋግሜ ያነበብኩት «ወንድሜን የበላው መጠጥ ነው» የሚለውን ነው። ልጁ ይህን ያውቃል? በአገራችን በመጠጥ የሚሞት ሰው የለም። በጉበት ነው የሚሞተው፤ በድንገት ነው፤ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው፤ «ትንሽ አሞት ነበር» ነው። ለልጆችም እንደዚያ ይነገራቸዋል። ባለቤትዎ በዚያ ጠዋት የተዘረጋውን ልጃቸውን ሲያዩ ወንድማቸውን አይተዋል፤ ልጁ ግን ያየው ቀበቶ ብቻ ነው። አንዱ የሚፈራው ሌላው የማያውቀውን ነው።

ስለዚህ ከቅጣቱ በፊት ይህን እጠይቃቸዋለሁ፦ አጎቱ እንዴት እንደሞተ አባቱ ራሳቸው ለልጃቸው ይንገሩት። እርስዎ አይንገሩላቸው። በስብከት አይሁን፤ የሆነውን ብቻ፤ መቼ እንደጀመረው፣ ስንት ጊዜ እንደማለ፣ የመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ሄደው ሲያዩት ምን እንዳለ። ልክ ስኳር በሽታ ያለበት ቤተሰብ ልጁን «በእኛ ቤት ይህ አለ፣ አንተ ከሌላው ይልቅ ልትጠነቀቅ ይገባል» እንደሚለው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳይሆን አብሮ እየተራመዱ ወይም መኪና ውስጥ ቢሆን ይሻላል፤ በዚህ ዕድሜ ዓይን ለዓይን ከሚያወራ ጎን ለጎን የሚያወራ ብዙ ይሰማል።

ከዚያ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ መውጣት አለበት፤ «መናደዴ ትክክል ነበር፣ መምታቴ ግን ትክክል አልነበረም።» አባት ለልጁ ይቅርታ ሲል ሥልጣኑ ይወርዳል ብለው የሚያስቡ አሉ። በምክር ክፍሌ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ ልጁ ራሱን ቀና የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ነው። «አላስታውስም» ያልከው እውነት ሊሆን እንደሚችል አሁን ገብቶኛል ቢሉበት ደግሞ ኩርፊያው ግማሹ ይወርዳል።

እርስዎ ደግሞ «ለምን?» በሚለው አይጀምሩ። «ለምን» ለሚባል ጥያቄ የ16 ዓመት ልጅ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ «እኔ እንጃ።» «ያ ምሽት እንዴት ጀመረ?» ይበሉት። የሚያስታውሰው እስከ የት ድረስ እንደሆነ ይጠይቁት። ጠጣ ተብሎ እምቢ ማለት አፍሮ ሊሆን ይችላል። አንዲት ልጅ ልቡን ሰብራው፣ ወይም ውጤቱ አሳፍሮት፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚሰማው ጭቅጭቅ ሰልችቶት ሊሆንም ይችላል። የሚወጣውን ነገር ዝም ብለው ይቀበሉት፤ መልስ መስጠቱ ለሌላ ቀን ነው።

ቤታችሁንም ይዩት። የበዓል ሰሞን እንግዳ ሲመጣ ጠላውን የሚቀዳው ማነው? በአብዛኛው ቤት ትልቁ ልጅ ነው። ድሮ ለልጅ ቅራሪ ወይም ብርዝ ነበር የሚቀመጥለት፤ ዛሬ ፊልተር ጠላ በጀሪካን ይገባል፣ ልጁም የተረፈውን በየብርጭቆው ይቀምሳል። «ውጭ ከሚጠጣ እኛ እያየነው ቤት ይልመድ» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ በቅን ልቦናም ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 1,900 የሚያህሉ ታዳጊዎችን ለስድስት ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን ወላጅ የሚሰጠው መጠጥ ልጁን እንደማይጠብቀው፣ እንዲያውም ከሌላም ሰው የማግኘት ዕድሉን እንደሚያሰፋው አሳይቷል። ጠላ ከቤት ይጥፋ አልልም። ቀጂው ግን ሌላ ሰው ይሁን።

ስለ ቅጣቱ ብዙ አልልም፤ ብዙ የሚባልለትም አይደለም። ከጥፋቱ ጋር የሚገናኝ፣ ማብቂያው የታወቀ ይሁን። ያቆሸሸውን እሱ ያጽዳ። እስከ መስቀል ከመሸ አይውጣ። ከቤት ማስወጣት፣ ስልኩን መስበር፣ ከትምህርት ቤት ማስቀረት፣ በዘመድ ፊት ማዋረድ አይሁን። ውርደት ወደ ሌላ ጠርሙስ እንጂ ወደ ቤት አይመልስም። ሁለታችሁም አንድ ቃል ይኑራችሁ፤ አባት ሲከለክል እናት በጓሮ በር የምታስወጣ ከሆነ ልጁ የሚማረው ሕጉን ሳይሆን በሩን ነው።

ጠበሉን በተመለከተ እናትዎን አያስቀይሙ። ልጁ ወድዶ ከሄደ የሚጎዳው ነገር የለም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቢነጋገርም ጥሩ ነው፤ ከወላጅ ሌላ የሚያምነው ትልቅ ሰው ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ተጎትቶ፣ «የሆነ ነገር ይዞታል» ተብሎ ግን አይሂድ። ያን ስም አንድ ጊዜ ከተለጠፈበት አጥቦ አያወጣውም።

ባለቤትዎ ሻጯ ላይ ሊሄዱ ይሆናል። ሕጉ ከእርሳቸው ጋር ነው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ቢሄዱም ተረጋግተው፣ ከሌሎቹ ሦስት ልጆች አባቶች ጋር ሆነው ቢሆን ይመረጣል። እንዲያውም የአራቱ ልጆች ወላጆች አንድ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ የመግቢያ ሰዓት ብትስማሙ ከማንኛውም ቅጣት ይበልጣል፤ «የእገሌ እናት እኮ ትፈቅዳለች» የምትባለው ነገር እዚያው ትሞታለች። አይስላንድ ይህን በአገር ደረጃ ሞክራዋለች። በ15 እና በ16 ዓመት ልጆቿ ዘንድ ባለፈው ወር ሰክሬያለሁ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1998 ከመቶ 42 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5 ወርደዋል። የወላጆች የጋራ ስምምነት፣ የምሽት ሰዓት ገደብና ለልጆች የስፖርትና የሙዚቃ ቦታ ማዘጋጀት የዚያ ሥራ አካል ነበሩ።

መቼ ነው ወደ ባለሙያ የምትመጡት? ብቻውን ከጠጣ። በትምህርት ቀን ከጠጣ። እንቅልፍ እንዲወስደው ወይም ሐሳብ እንዲለቀው ብሎ ከጠጣ። ጫት ጀምሮ ምርቃናውን በመጠጥ የሚሰብር፣ ጨብሲ የሚሉትን የለመደ ከሆነ፤ ጫቱ ስካሩን ስለሚደብቅበት ከልኩ በላይ ይጠጣል። ያ የማስታወስ መቋረጥ ከተደገመ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ይህ ዝምታው ከኩርፊያ አልፎ ምግብና እንቅልፍ ከነሳው፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» የሚል ቃል ከወጣው፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል አለ።

የሚቀረው ደመራ ነው። መስከረም 16 ልጁ እንደገና ከጓደኞቹ ጋር ልውጣ ማለቱ አይቀርም። እስከ መስቀል ከልክላችሁት ከሆነ ቃላችሁን ጠብቁና አብራችሁት ውጡ፤ ደመራ የቤተሰብም ነው። ከዚያ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ምሽት ግን ፍቀዱለት፤ የመመለሻ ሰዓቱን ተስማሙ፣ በልቶ ይውጣ፣ ከማን ጋር እንደሆነ ይንገራችሁ። በዚያ ላይ አንድ ውል ጨምሩ፤ እሱም ሆነ ጓደኛው ቢሰክር፣ በየትኛውም ሰዓት፣ ከየትም ቦታ ከደወለ ትመጣላችሁ። በመንገድ ላይ ጥያቄ የለም፣ ጩኸት የለም። ወሬው በማግስቱ፣ ቀትር አልፎ፣ ምሳ ከበላ በኋላ ነው። ይህን ውል አባቱ በገዛ አፋቸው ይንገሩት፤ በዚያም ምሽት የሁለታችሁ ስልክ ክፍት ይሁን።